የጋሽ ቀቅሉ ኮምጣጤ

ጋሽ ቀቅሉ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሆስፒታሉ ነርሶች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ መቀሱ፣ መቆንጠጫው፣ ሻሹ፣ የቀዶ ጥገናው ዕቃ ሁሉ በእንፋሎት ተቀቅሎ የሚወጣበት ክፍል። ዕቃ ከእጅ ወድቆ እንደሆነ «ቀቅሉት»፣ ሰው አስነጥሶበት እንደሆነ «ቀቅሉት»፣ ዝም ብለው ከተጠራጠሩም «ቀቅሉት» ነው መልሳቸው። አንዴ ሐኪሙ ራሱ ባዶ እጁን ትሪው ላይ አሳርፎ ምንም አይደል ቢላቸው፣ ትሪውን ከፊቱ አንስተው ይዘው ሄዱ አሉ። ሐኪሙ ቢቆጣ ቢንጨረጨር ወይ ፍንክች። በኋላ በኋላ እሳቸው የፈረሙበትን ትሪ ማንም አይፈትሽም ነበር። የጋሽ ቀቅሉ ፊርማ ካለበት አለቀ፣ ንጹሕ ነው።

እኔ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ልብስ ሰፊ። የስፌት መኪናዬ የተቀመጠችው በእነሱ ጓሮ በኩል ባለው መስኮት ሥር ስለሆነ፣ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው የእነሱን ጓሮ ነው። ግድግዳው ደግሞ ከስሙ በቀር ግድግዳ አይደለም፤ የሻይ ማንኪያቸው ብርጭቆ ሲነካ ይሰማኛል። ይህን የምለው ይቺ ሴትዮ ይህን ሁሉ ከየት አመጣችው እንዳልባል ነው። ደግሞም ከመስማት አልፌ እጄን አስገብቻለሁ። እሱን በቦታው እናገራለሁ።

ሚስታቸው ጓደኛዬ ነበረች፤ ኮምጣጤ ትሠራለች። ያንን የሱቁን ዓይን የሚያስለቅስ ማለቴ አይደለም፣ የአበባ ኮምጣጤ። ከጁስ ቤቱ የአናናስና የፖም ልጣጭ በባልዲ ታመጣለች፣ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ በስኳር ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፣ ከሳምንት በኋላ ልጣጩን አጥልላ ትጥልና ውሃውን ለእናቲቱ ትሰጣለች። እናቲቱ የምትላት ኮምጣጤው ላይ የምትንሳፈፈዋን ነገር ነው። የወተት ስልባቦት ትመስላለች፣ ግን ጣት የሚያክል ውፍረት አላት፣ ስትነካ ታሟልጫለች። ጣፋጩን ውሃ ኮምጣጤ የምታደርገው እሷ ናት። ጓደኛዬ ከእናቷ ነው የወረሰቻት፤ እናቷ ከማን እንዳገኘቻት የሚያውቅ የለም። በየሁለት ወሩ አዲስ ውሃ ይሰጣታል። ስትወፍር ለሁለት ትከፈላለች፣ ግማሿ ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ገብታ ትኖራለች።

ኮምጣጤው ሲደርስ ተቀድቶ አበባው ይገባበታል። ጓሯቸው ከበር ሳንቃ ብዙም አይሰፋም፤ እዚያችው ላይ ግን ቀይ ጽጌረዳ፣ ሐምራዊ የሚያብብ ቀጭን ሽንኩርትና በሶብላ ነበራት። ጽጌረዳውን ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ትለቅመዋለች። የአበባውን ቅጠል አንድ በአንድ ይዛ ነጩን ሥሩን በመቀስ ትቆርጠዋለች፣ ይመራላ። የሽንኩርቱን አበባ ጉንዳን እንዳይኖርበት ታራግፈዋለች። ሁለት ሳምንት መስኮት ላይ ተቀምጦ ይጠለላል። ቲማቲምና ሽንኩርት ከትፋችሁ ከዚያ አንድ ማንኪያ ጠብ ብታደርጉበት፣ ምሳችሁ ያ ብቻ መሆኑን ትረሳላችሁ።

ባልየው ጠርሙሶቹ ወዳሉበት ማዕዘን ድርሽ አይሉም። የሆነ ነገር ሲንሳፈፍ ማየት አይሆንላቸውም። ኮምጣጤውን ግን አጥብቀው ይወዳሉ፤ ሰሐኑን በዳቦ ጠርገው ነው የሚነሱት። እሷም ትስቅባቸዋለች። ያ ሰውዬ ቢፈቀድለት እኔንም ቀቅሎ ያስቀምጠኝ ነበር ትለኛለች። ይህን ስትል እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ ታመመች፤ ጉበቷ ነው አሉ። ሦስት ወር አልሞላም። አልጋ ላይ ሆና ስለ ኮምጣጤው ለባሏ ነገረቻቸው፣ እሳቸውም በዚያ በሥራ ቤት ጽሕፈታቸው ቁጥር እየሰጡ ደብተር ላይ ጻፉ። ደብተሩን አይቼዋለሁ። አንደኛው ተራ ላይ «ያልቀቀልከው ነገር እንዳይነካት» ይላል። ጠርሙሱ፣ ሻሹ፣ ማንኪያው፣ ማጥለያው ሁሉ ይቀቀላል። ስንት ወር ላይ ምን ያህል ውሃ፣ ምን ያህል ስኳር፣ የጽጌረዳው ሥር መቆረጡ፣ ሁሉም አለ። እሷን ራሷን እንዳትቀቅላት የሚል የለም። ማን ይላል? ለሰው ሁሉ ግልጽ የሆነ ነገር አይጻፍም።

አንዲት ልጅ ነው ያላቸው። የምትኖረው የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ነው። እናቷን ስንቀብር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሐዘኑ ላይ አባቷን እጃቸውን ይዛ አንድ ነገር ለመነቻቸው። ለዓመቱ ልጄን ይዤ እመጣለሁ፣ ያኔ የእማዬን ለሁለት ክፈልልኝ፣ ቤቴ ወስጄ አሳድጋታለሁ አለቻቸው። ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ እሱ ነው፣ የእማዬ እንዴት ናት? ጋሼም እንደ በሽተኛ ዘገባ ይሰጧታል። ደህና ናት፣ በልታለች፣ ዛሬ ትንሽ ወፍራለች። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል። እኚህ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ሻሹን ገለጥ አድርገው ያዩዋት ነበር፣ አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው።

ለዘጠኝ ወር በደንብ ያዟት። በአሥረኛው ወር አንድ ጠዋት ሻሹን ሲገልጡ አንዲት ትንሽ ዝንብ ከላይዋ ላይ ተለጥፋ አገኙ።

እንግዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ እጅ አያስብም። ዝንብ ያረፈበት ትሪ ምን ይደረጋል? ኮምጣጤውን ከነእናቲቱ ትልቁ ድስት ውስጥ ገለበጡት። በሰዓት ይዘው ሃያ ደቂቃ አንተከተኩት፣ ከዚያም በተቀቀለ መቆንጠጫ ይዘው ወደ ተቀቀለው ጠርሙስ መለሷት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እንፋሎቱ በግድግዳው አልፎ እኔ ቤት ገብቶ ዓይኔን አስለቅሶኛል። ጋሼ ማንቆርቆሪያ እያጸዱ ነው ብዬ መስኮቴን ዘጋሁ። የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ይዤ ነበር፣ በማግስቱ የሚወሰድ። ብድግ ብዬ ብሄድ አሥር እርምጃ ነው። አልሄድኩም።

በወሩ ጠሩኝ። አጥተው ነው እንጂ ሰው የሚጠሩ አይደሉም። ጠርሙሱ ላይ ነጭ፣ ከመሐሉ አረንጓዴ ሻጋታ ወጥቶበታል። እናቲቱ ከታች ተኝታለች፣ እንደታጠበ አሮጌ ጨርቅ። ሻጋታውን ሁለት ጊዜ ገፍፈው እንደገና ቀቅለዋታል፤ ይህንንም የነገሩኝ የሠሩት ጥንቃቄ እንዲታወቅላቸው ነው። ዝንቧን፣ ድስቱን፣ ሃያ ደቂቃውን አንድ በአንድ ዘረዘሩልኝ። እኔ ደግሞ ምላሴ ከሐሳቤ ይቀድማል።

«ጋሼ፣ ነፍስ ነበራት እኮ» አልኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀጥሎ ሲገባቸው አየሁት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ። በርጩማው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

«ዕድሜዬን ሙሉ በዓይን የማይታየውን ስገድል ኖሬ፣ ይቺ ነፍስ እንዳላት እንዴት አጣሁት?» አሉኝ።

ሰውየው የሚስታቸው ቀብር ላይ ያላለቀሱትን ያን ቀን አለቀሱት።

ጓደኛዬ ለሰው ሰጥታ የተረፈ አንድ ጠርሙስ ከተገኘ፣ ያልተቀቀለ ኮምጣጤ ውስጥ እናቲቱ እንደገና ትበቅላለች። ይህን አንዴ ነግራኝ ነበር። ስለዚህ ፍለጋ ተጀመረ፣ መጀመሪያ የተጠየቅኩትም እኔ ነኝ። ሁለት ጠርሙስ ሰጥታኝ ነበር። አንዱን በላሁት። ሁለተኛው ሥር የቀረውን ከሦስት ሳምንት በፊት የካውያዬ ውሃ መያዣ ውስጥ ጨመርኩት፣ የተጋገረውን ነጭ ነገር እንዲያነሳልኝ። ካውያዬ አሁን በደንብ ይተኩሳል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብያለሁ።

የጁስ ቤቱ ባለቤት ከጨረሰው ቆይቷል። ለጎረቤት የተሰጠው ሁሉ ተበልቷል፤ የሚበላ ነገር ሰጥታቸው ምን እንዲያደርጉት ነው? የቀረችው አንዲት ነርስ ናት፣ ጋሼ ክፍሉ ውስጥ ያሠለጠኗት። አዎ አለ፣ ጠርሙሱ ቤቴ ነው ስላለቻቸው ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ሄዱ። ሲመለሱ በመስኮቴ አየኋቸው። ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል፤ እኔም ተመስገን አልኩ። ባዶ ነበር። ነርሷ ለማስታወሻ ብላ አጥባው፣ እሳቸው ባስተማሯት መሠረት ቀቅላ አስቀምጣዋለች።

ልጅቷ ልትመጣ ሦስት ሳምንት ቀራት። አዲስ ልጣጭ ዘፍዝፈው ቢጠብቁ ራሱ ይኮመጥጣል፣ ግን ወራት ይፈልጋል፤ ቢደርስም የሌላ ነው የሚሆነው። እንግዲህ እጄን የማስገባው እዚህ ጋ ነው። የሱቅ ኮምጣጤ ግዙ አልኳቸው። ውሃና አንድ ማንኪያ ማር ጨምረን እናለዝበዋለን፣ አበባዋን እንከትበታለን፣ የሞተችዋን እናቲቱን ከላይ እናደርጋለን፣ ማን ያውቃል? ልጅቷ ይህንን ሰምታ ከምትሰበር ሆድ ይፍጀው አልኩ። አፌን በቆረጠው ኖሮ።

ሁለት ቀን ሙሉ እምቢ አሉ። አይቼ ያልፈረምኩበትን ነገር አልሰጥም አሉኝ፣ የሥራ ቤታቸውን ቋንቋ ነው የተናገሩት። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ደወለች። ስልኩን እንደ ልማዳቸው ድምፁን ለቀውታል፣ ጆሯቸው ደክሟል፤ እኔም ሁሉን እሰማለሁ። ጠርሙሷን የማስቀምጥበት መደርደሪያ ባለቤቴ ሠርቶልኛል፣ ፀሐይ እንዳይነካት ከበሩ ጀርባ ነው አለች። ሕፃኗም ከኋላ ትንጫጫለች። ጋሼ ደህና ናት አሏት። ስልኩን ዘግተው መቀስ ይዘው እኔ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

አበባውን አብረን ለቀምን። እጃቸውን ወደ ቀዶ ጥገና እንደሚገባ ሰው እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ጽጌረዳው ዓመቱን ሙሉ የሚገርዘው አጥቶ ዱር ሆኗል፤ አበባው ግን ከምንጊዜውም በላይ ነበር። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ነጩን ሥር ይቆርጣሉ፣ አንዱንም ሳይስቱ። ያን ያህል ንጹሕ አድርጋ ባለቤቲቱም አልቆረጠችውም። የሽንኩርቱን አበባ አራገፉት፣ የበሶብላውን ነጭ አበባ ጨመሩበት፣ ኮምጣጤውን አፈሰሱበት፣ በሻሽ አሰሩት። በሦስተኛው ቀን ቀለሙ ቀይ ሆነ። ማማሩ አናደደኝ።

በሁለት ሳምንቱ አጠለሉትና በሻይ ማንኪያ ቀመሱ።

«አይደለችም» አሉ። የሞተችዋን እናቲቱን አጥበው ጠርሙሱ ውስጥ ከላይ አደረጓት።

ልጅቷ መጣች። ገና በሩን ሳታልፍ ነው ጠርሙሱን የጠየቀችው። ምሳ ላይ እኔም ነበርኩ፤ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ዳቦ፣ እንቁላል። ሕፃኗን ለእኔ አቀበለችኝና ኮምጣጤውን ከማንኪያው ላይ ብቻውን ቀመሰችው። ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ እንድታውቅ ነበር የፈለግኩት። ምራቋን ዋጥ አድርጋ ይህ ምንድን ነው ብትለን ያኔ ሁሉም ነገር በዚያች ጠረጴዛ ላይ ያልቅ ነበር።

«ራሷን ናት አባዬ» አለችና እንባዋ ወረደ። «እማዬ ራሷ።»

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ማታለላቸው ተሳክቶ የተረፈ ሰው ዓይን አልነበረም። ማታ ልጅቷ ሕፃኗን ስታስተኛ ደጅ ላይ አግኝተውኝ ረሳቻት አሉኝ፣ በዓመቱ ረሳቻት። እኔም በድብቅ ቀምሼው ነበር፣ ልዩነቱን አልለየሁትም። በዚህ ዓለም ላይ የዚያችን ሴት ኮምጣጤ የሚያስታውስ አንድ ምላስ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው።

ስትሄድ እናቲቱን ለሁለት ከፈሏት። ጋሼ መቀሱን ሃያ ደቂቃ ቀቀሉ። ለማን እንደሚቀቅሉ ግን አላውቅም። ልጅቷ ግማሿን ጠርሙስ ውስጥ አድርጋ በሕፃኗ ብርድ ልብስ ጠቀለለችና አውቶቡሱ ውስጥ ከልጇ እኩል ጭኗ ላይ ይዛት ሄደች። የደብተሩንም ግልባጭ በእጇ ጽፋ ወሰደች፣ አንድም ተራ ሳትዘል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልብ ያላልነው አንድ ነገር ነበር። ልጅቷ ለሞተች ነገር አዲስ ውሃ እየሰጠች ልትጠብቅ ነው። እኛ ያሰብነው ስለዚያች ምሳ ብቻ ነው፣ ከምሳው በኋላ ስላለው ቀን አላሰብንም። ትልልቅ ሰዎች ነን ደግሞ።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ከሰዓት በኋላ ደወለች። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

«አባዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ» አለች፤ ቃሏ ይቆራረጣል። «የእማዬን ገደልኳት።»

ሻግታለች። ጠርሙሱን ቀቅላለች፣ ሻሹን ቀቅላለች፣ ስኳሩን መዝናለች። ምናልባት አንድ ቀን ሕፃኗ ስታለቅስ እጇን ሳትታጠብ ነክታት ይሆናል፤ ያቺ ቀን ናት ብላለች። ባሏ አዲስ እንጀምራለን ቢላት አልሰማ አለች። አርባ ዓመት የኖረችው ነገር እኔ እጅ ገብታ ሁለት ወር አልቆየችም ትላለች፣ ደግማ ደጋግማ። ከዚያም አንተ ጋ ያለችውስ ደህና ናት ወይ ብላ ጠየቀች።

ተነስቼ ወደ እነሱ ቤት ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ሄድኩ። ጋሼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ዳርና ዳሩን ይዘውታል።

«ስሚኝ ልጄ» አሏት። «አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። ሳትመጪ በፊት ዝንብ ገባባትና ቀቀልኳት። የቀመስሽው የሱቅ ኮምጣጤ ነው። አበባ ጨምሬበት ነው። የሰጠሁሽ የሞተች ነበረች።»

ሕፃኗ አንድ ነገር መሬት ላይ ስትጥል ተሰማ።

«ተው አባዬ» አለች በመጨረሻ፣ ለስለስ አድርጋ። «እኔን ለማጽናናት ብለህ በራስህ ላይ አትዋሽ። ቀምሻታለሁ እኮ። የእማዬ እጅ ይጠፋኛል እንዴ?»

ስልኩን ሳብ አድርጌ እውነታቸውን ነው አልኳት፣ ምክሩም የኔ ነው፣ ሱቁንም የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ተሳድባ ብትዘጋብኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን እያለቀሰች አመሰገነችኝ። አክስቴ፣ አንቺም እንደሱ ደግ ነሽ፣ ለእኔ ብላችሁ ይህን ሁሉ አሰባችሁ አለችኝ። ብደብቃችሁ ይሻለኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ እናንተን አስጨነቅኩ ብላ ይቅርታ ጠየቀችን። አባቷን ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

የየቀኑን የሚመዘግቡበትን፣ ለልጅቷ ያላሳዩትን ሌላ ደብተር አመጡ፤ አነበቡላት። ዝንቧ የገባችበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ሃያ ደቂቃውን ጽፈውት ነበር፣ እንደ ሥራ ቤቱ ከግርጌው ፈርመውበታል። እሺ አባዬ፣ እሺ አለች፣ ሕመምተኛን እንደሚያባብሉት። ከዚያ ሕፃኗ ርቧታል ብላ ዘጋች።

ጋሼ ደብተሩን እንደከፈቱት ፊርማቸውን በጣታቸው ነኩት።

«አላመነችኝም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስለ ኮምጣጤው አታነሳም። ጓሮ አላቸው፣ ምንም አትተክልበትም፤ የኔ እጅ ነገር አያኖርም ትላለች አሉ። ባሏ ነው ለጋሼ የነገራቸው።